ወታደር የለቀቀው ሜዳ ለማን ይመለሳል?

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ጌጫ የቀረበ ንግግር)



በየዓመቱ በዚህ ጉባኤ ስለ ቁጠባችንና ስለ ብድራችን እንነጋገራለን። ማን ከፈለ፣ ማን ዘገየ፣ የማን ዶሮ ሞተ፣ የማን ንግድ ተነሣ እንባባላለን። የዘንድሮው ሪፖርት ከምሳ በኋላ በገንዘብ ያዣችን ይቀርባል። ከዚያ በፊት ግን ስለ ሌላ ጉዳይ እንድንናገር ኮሚቴው አዞናል። ጉዳዩ መሬት ነው። የማንም ስም በደብተር ያልሰፈረበት መሬት፣ ማለት ሜዳው፣ ጫካው፣ ምንጩ ዳር፣ የገበያው ቦታ።

በየቡድናችን ሳምንታዊ ስብሰባ ላይ አንድ ጥያቄ ደጋግሞ ይነሣል። አንድ ቦታ “ባዶ ነው” ተብሎ ለሌላ ሥራ ሲታሰብ እኛ ሴቶች የምንሰማው መቼ ነው? መልሱን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። የምንሰማው ችካል ሲተከል ነው። ችካል ከተተከለ በኋላ የሚደረግ ስብሰባ ደግሞ ምክክር አይባልም፤ መርዶ ነው።

ስለ ራስ ጉዳይ ሲወራ ስሜት ቶሎ ይገባበታልና ከራቀ ቦታ ብንጀምር ይሻላል ብለናል። ስለዚህ በመጀመሪያ ጦር ሰፈር ስለነበረ መሬት እንናገራለን። ጦር ሰፈር የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። ከሁሉ አጥር የጦር ሰፈር አጥር ይጠነክራል። ያ አጥር የሚነሣበት ቀን ሲመጣ “መሬቱ ለማን ይሁን?” የሚለው ጥያቄ አፍጥጦ ይወጣል። መንግሥት ዕቅድ አለው። ባለሀብት ዕቅድ አለው። በአጥሩ ዙሪያ የኖረው ሰውም ዕቅድ አለው፤ የእርሱ ግን በወረቀት አልሰፈረም።

ግሪንሃም፦ ሴቶች ያስመለሱት ሜዳ

በእንግሊዝ አገር ኒውበሪ ከምትባል ከተማ አጠገብ ግሪንሃም ኮመን የሚባል ሰፊ ሜዳ አለ። ኮመን ማለት በእኛ ቋንቋ የወል መሬት ማለት ነው። በዙሪያው ያሉ ሰዎች ከብት ያሰማሩበት፣ ማገዶ ይለቅሙበት ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ እ.ኤ.አ. በ1941፣ መንግሥት ሜዳውን ለአየር ኃይል ወሰደው። ጦርነቱ አልቆ ተመለሰ ሲባል፣ በ1951 እንደገና ተወስዶ ለአሜሪካ አየር ኃይል ተሰጠ። ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም የአውሮፕላን መንደርደሪያ በኮንክሪት ተሠራበት፤ ዙሪያውም ታጠረ።

በ1980 ዓ.ም. እንደ ፈረንጆቹ፣ 96 የኑክሌር ክሩዝ ሚሳይሎች እዚያ እንደሚቀመጡ ተወሰነ። በዓመቱ ነሐሴ መጨረሻ ላይ ጥቂት ሴቶች ከዌልስ ከተማ ከካርዲፍ ተነሥተው በእግራቸው ጉዞ ጀመሩ። አብዛኞቹ እንደ እኛ የቤት እመቤትና የልጅ እናት ነበሩ፤ ሕፃን ልጅ ይዘው የሄዱም ነበሩ። ከ170 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዘው በአሥር ቀናቸው፣ መስከረም 5 ቀን 1981፣ ከጦር ሰፈሩ በር ደረሱ። የጠየቁት አንድ ነገር ነበር። በሕዝብ ፊት፣ በቴሌቪዥን፣ ከመንግሥት ጋር ስለ ሚሳይሎቹ እንወያይ አሉ። የሚሰማቸው ጠፋ። ስለዚህ ወደ ቤታቸው ሳይመለሱ በሩ ላይ ድንኳን ተክለው ቀሩ።

እኅቶቻችን፣ እዚህ ላይ ቆም እንበል። እነዚያ ሴቶች መጀመሪያ የጠየቁት ምክክር ብቻ ነበር። የ19 ዓመት ድንኳን የመጣው ምክክር በመከልከሉ ነው። በታኅሣሥ 1982 ወደ 30,000 ሴቶች ተሰብስበው እጅ ለእጅ ተያይዘው 14 ኪሎ ሜትር ያህል የሆነውን አጥር ከበቡት። በሽቦው ላይ የልጆቻቸውን ፎቶግራፍና የሕፃናት ልብስ ሰቀሉበት። ብርድና ጭቃ ነበረባቸው፤ ፖሊስ በየጊዜው ያባርራቸው፣ ፍርድ ቤትም ያስራቸው ነበር። ከከተማው ነዋሪም ሁሉም አልወደዳቸውም። “ሰፈራችንን አቆሸሹ” ያሉ ብዙዎች ነበሩ።

ሚሳይሎቹ በኋላ ተነሡ። ያን ያደረገው በ1987 በአሜሪካና በሶቭየት ኅብረት መካከል የተፈረመው ውል ነው። ሴቶቹ ብቻቸውን አነሡት ብለን ብንናገር ከእውነት እንወጣለን። ለዛሬው ጉዳያችን የሚጠቅመን ግን ከሚሳይሉ ይልቅ የሜዳው ታሪክ ነው።

ሴቶቹን ከሰፈሩ ለማባረር የመከላከያ ሚኒስቴር በ1985 ደንብ አውጥቶ ነበር። ወደ ሰፈሩ የገባ ሁሉ ይቀጣል የሚል ነበር። ሁለት ሴቶች፣ ጂን ሃቺንሰንና ጆርጂና ስሚዝ፣ ተከሰው ሲቀርቡ ክርክራቸውን በሰላም ጉዳይ ላይ አልመሠረቱም። ያነሡት የወል መሬቱን ነገር ነው። “ይህ ሜዳ የወል ነው፤ ከብት የማሰማራት መብት ያላቸው የአካባቢው ሰዎች አሉ፤ ሕጉ የእነርሱን መብት የሚነካ ደንብ እንዳይወጣ ይከለክላል” አሉ። ጉዳዩ ከፍርድ ቤት ወደ ፍርድ ቤት ሲጓዝ ቆይቶ በ1990 በጊዜው የአገሩ የመጨረሻ ፍርድ ቤት ወደነበረው የጌቶች ምክር ቤት ደረሰ። ፍርድ ቤቱም ደንቡ ዋጋ የለውም ብሎ ወሰነ። ለ50 ዓመት ያህል በአጥር የተዘጋ ሜዳ ላይ የድሃ ገበሬ የግጦሽ መብት አልሞተም ነበር ማለት ነው። አጥር ቢታጠርም መብቱ በወረቀት ላይ ይኖር ነበር።

በ1992 የአሜሪካ አየር ኃይል ወጣ። አሁን ጥያቄው መጣ፦ መሬቱ ለማን? ሰፊ ነው፤ ከተማ አጠገብ ነው፤ መንገድ አለው፤ ሕንፃ አለው። ለብዙ ነገር ያስጎመጃል። መፍትሔው ምን እንደነበረ ልብ ብላችሁ ስሙን፤ ለእኛ ትልቁ ትምህርት እዚህ ላይ ነው። በ1997 የአካባቢው ሰዎች ያቋቋሙት የበጎ አድራጎት ድርጅት ሰፈሩን ከመከላከያ በ7 ሚሊዮን ፓውንድ ገዛው። ሕንፃዎቹ ያሉበትን ክፍል ለንግድ ድርጅቶች አከራየ። የኪራዩ ትርፍ ለአካባቢው ማኅበራት፣ ለአረጋውያንና ለልጆች ሥራ እንዲውል አደረገ። ሜዳውን ደግሞ በ1 ፓውንድ ለወረዳው ምክር ቤት አስረከበ። አጥሩ ፈረሰ፣ የመንደርደሪያው ኮንክሪት ተሰባብሮ ተነሣ፤ በሚያዝያ 2000 ሜዳው ለሕዝብ ተከፈተ። በ2002 የግጦሽ መብቱን የሚያስከብር ልዩ ሕግ ወጣ። ዛሬ ሚሳይል ሲጠበቅበት በነበረው ሜዳ ላይ ላሞች ይግጣሉ።

ስለዚህ ግሪንሃም “ልማት አንፈልግም” ያለ ሰው ታሪክ አይደለም። ሕንፃውም ሥራ ላይ ዋለ፤ ሰውም ተቀጠረበት። ልዩነቱ፣ ዕቅዱን ሲያወጡ አስቀድሞ በመሬቱ ይጠቀም የነበረውን ሰው ቆጥረውታል።

በርሊን፦ ተቃውሞም ዋጋ አለው

አንድ ሌላ ምሳሌ በአጭሩ እንጨምር። ነገሩ ሁሌ እንዲህ የሚያምር እንዳይመስላችሁ። በጀርመን ዋና ከተማ በበርሊን ቴምፕልሆፍ የሚባል አየር ማረፊያ ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የአሜሪካ አየር ኃይል ለአሥርተ ዓመታት ተጠቅሞበታል። በ2008 ተዘጋ፤ በ2010 ሜዳው ለሕዝብ መናፈሻ ሆኖ ተከፈተ። በኋላ የከተማው አስተዳደር በሜዳው ጠርዝ ላይ በሺህ የሚቆጠሩ ቤቶችን ለመሥራት ዐቀደ። ነዋሪው ፊርማ አሰባስቦ ጉዳዩን ለድምፅ አቀረበው። በግንቦት 25 ቀን 2014 ከመቶ 64 የሚሆነው ድምፅ ሰጪ ምንም እንዳይሠራበት ወሰነ።

ሜዳው ተረፈ። ግን በርሊን የቤት ችግር ያለባት ከተማ ናት። ቤት የሚፈልግ ወጣት “ለእናንተ መናፈሻ፣ ለእኔስ?” ብሎ ቢጠይቅ መልስ ይገባዋል። ክርክሩ እስከ ዛሬ አልሞተም። ተቃዋሚ የሆነ ሁሉ ልክ ነው ብለን አንነሣ። “አይሆንም” ያለ ሰው “ታዲያ ምን ይሁን?” ለሚለው ጥያቄ መዘጋጀት አለበት። ይህን ነገር በኋላ ስለ ራሳችን ስንናገር እንመለስበታለን።

ጃን ሜዳ፦ ሁለት ወገን፣ ሁለቱም ባለ ጉዳይ

አሁን ወደ አገራችን እንምጣ። አዲስ አበባ ውስጥ፣ ከስድስት ኪሎ ከፍ ብሎ፣ ጃን ሜዳ አለ። በንጉሡ ዘመን ሠራዊት ሲሰለፍበት፣ ፈረስ ሲጋለብበት የኖረ ሜዳ ነው። ስሙም ከጃንሆይ የመጣ ነው ይባላል። ከወታደሩ ሰልፍ በኋላ የሕዝብ ሜዳ ሆነ። በየዓመቱ ጥር 10 እና 11 ታቦታት ወጥተው የሚያድሩበት፣ ጥምቀት የሚከበርበት ነው። የአገር አቋራጭ ሩጫ ውድድር በስሙ ይጠራል። የሰፈሩ ልጅ ኳስ ይጫወትበታል።

በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲመጣ፣ በአትክልት ተራ ያለው የፍራፍሬና የአትክልት ገበያ በጣም የተጨናነቀ ስለነበር የከተማው አስተዳደር ገበያውን ለጊዜው ወደ ጃን ሜዳ አዛወረው። ነገሩ የሚገባ ነበር። ሰው እንዳይታፈግ ሰፊ ቦታ ያስፈልግ ነበር፤ ሰፊ ቦታ ደግሞ ጃን ሜዳ ነው። ወራት አለፉ። ሜዳው በጭነት መኪና ታረሰ፤ የጎመንና የቲማቲም ብስባሽ ተከመረበት፤ ክረምት ሲገባ ጭቃው አያስሄድም። ጥምቀት ሲቃረብ ምእመናንና የቤተ ክርስቲያን አባቶች “ለጊዜው የተባለው መቼ ነው የሚያበቃው?” ብለው አጥብቀው ጠየቁ። ጥምቀት በ2019 እንደ ፈረንጆቹ በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ የገባ በዓል ነውና የጥያቄው ድምፅ ራቅ ብሎ ተሰማ። በ2013 ዓ.ም. ጥምቀት ከመድረሱ በፊት ገበያው ወደ ኃይሌ ጋርመንት አካባቢ ተዛወረ። በጎ ፈቃደኞች ሜዳውን ጠረጉት፤ በዓሉም በቦታው ተከበረ።

ይህን ዜና ያን ጊዜ በሬዲዮ የሰማን ብዙዎች ደስ ብሎን ነበር። ሁለተኛውን ወገን ያሳየችን ግን ከአባሎቻችን የአንዷ ልጅ ናት። አዲስ አበባ ሄዳ ሽንኩርትና ቃሪያ በጉልት ትሸጥ ነበር። “በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ ተነሣሁ” አለችን። “መጀመሪያ ከለመድኩት ቦታ ወደ ጃን ሜዳ ተነሡ ተባልን። ደንበኛ አገኘሁ ስል ደግሞ ከጃን ሜዳ ተነሡ ተባልን። አዲሱ ቦታ ከቤቴ ሩቅ ነው፤ የታክሲው ትርፌን ይበላዋል። ሜዳው የበዓል ቦታ መሆኑን አውቃለሁ፤ እኔም አከብራለሁ። ግን እኔን ማንም አልጠየቀኝም፤ ሲያስገቡኝም፣ ሲያስወጡኝም።”

ይህ ንግግር ከልባችን አልወጣም። ጃን ሜዳን ያስከበሩት ሰዎች ትክክል ነበሩ። ያቺ ልጅም ትክክል ናት። ጥፋቱ ሁለቱ ወገኖች አንድ ላይ ተቀምጠው አለመነጋገራቸው ነው። ስለዚህ እኛ የወል መሬት እንዲከበር ስንቆም፣ በዚያው መሬት ላይ ተቀምጣ የምትሸጠውን ሴት እንደ ጠላት አንይ። እርሷም የእኛ ናት። ለእርሷ የሚሆን ቦታ ሳንጠይቅ “ሜዳችን ይመለስ” ካልን፣ ጥያቄያችን ግማሽ ነው።

ወደ ቤታችን፦ “ባዶ” የሚባለው ጫካ

እዚህ ጌጫ ትልቅ ጦር ሰፈር የለንም። ጫካ ግን አለን። ለጫካውም ያው ቃል ይነገርለታል። ከሩቅ ላየው ሰው ጫካ “ሥራ ላይ ያልዋለ” መሬት ነው። ለእኛ ግን እያንዳንዱ ጥግ ባለቤት አለው።

የሸካ አባቶች ቀፎ የሚሰቅሉበትን ጫካ በየወገኑ ከፍለው የያዙበት ሥርዓት አላቸው፤ ቆቦ ይባላል። የትኛው ዛፍ ላይ ማን ቀፎ እንደሚሰቅል ይታወቃል። ዛፍ እንዳይቆረጥባቸው በባህል የተከበሩ ቦታዎችም አሉ። ይህ ሁሉ በወረቀት አልተጻፈም፤ በአፍና በልማድ ግን ጸንቶ ኖሯል። የወንዶቹ ቀፎ እንኳ ዛፍ ላይ ተሰቅሎ ይታያል። የእኛ የሴቶቹ አጠቃቀም ግን ምልክት የለውም። ኮረሪማ እንለቅማለን፣ ጥምዝ እናመጣለን፣ ማገዶ እንሸከማለን፣ ከምንጩ እንቀዳለን፣ ልጅ ሲታመም መድኃኒት የሚሆን ቅጠል እንቆርጣለን። ለቅመን ስንመለስ ቦታው ላይ ምንም አንተውም። ስለዚህ የሚለካው ባለሙያ ሲመጣ እኛን አያየንም። “ባዶ” ብሎ ይጽፋል። ብዙ አባሎቻችን የመጀመሪያውን የቁጠባ መዋጮ የከፈሉት ኮረሪማ ሸጠው ነው። ባዶ ከተባለው ቦታ የመጣ ገንዘብ ነው።

የደቡብ ምዕራብ ጫካ ባለፉት አሥርተ ዓመታት ለሻይና ለቡና ተክል ተሰጥቷል። ሥራ ያገኘ አለ፤ መንገድ የመጣበት አለ፤ የቀፎ ዛፉን ያጣም አለ። ከእኛ ብዙ በማይርቀው በጎደሬ፣ በመዠንገር ወገኖቻችን አገር፣ እ.ኤ.አ. በ2010 ከ3,000 ሄክታር በላይ ጫካ ለሻይ ተክል ለ50 ዓመት በኪራይ ሲሰጥ የአካባቢው ሰው ተቃወመ። ሽማግሌዎች አዲስ አበባ ድረስ ሄደው አቤት አሉ። ለደን ተቆርቋሪነታቸው የሚታወቁት የዚያን ጊዜው ፕሬዚዳንት ግርማ ወልደ ጊዮርጊስም ጉዳዩ እንዲታይ ደብዳቤ ጻፉ። ኪራዩ ግን አልቀረም። ይህን የምንነግራችሁ ተስፋ ለማስቆረጥ አይደለም። የአገር ፕሬዚዳንት ደብዳቤ እንኳ ከውሳኔ በኋላ ሲመጣ ምን ያህል እንደሚከብደው ለማሳየት ነው። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው።

በሌላ በኩል ደግሞ ደስ የሚል ነገር አለ። የሸካ ደን በ2012 እንደ ፈረንጆቹ በዩኔስኮ የባዮስፌር ክልል ሆኖ ተመዝግቧል። ከ238,000 ሄክታር በላይ ነው። የከፋና የያዩ ደኖች በ2010፣ የመዠንገር ደግሞ በ2017 ተመዝግበዋል። የባዮስፌር ክልል ማለት ሰው የተባረረበት ጫካ ማለት አይደለም። በጥብቅ የሚጠበቅ መካከለኛ ክፍል አለው፤ በዙሪያው ደኑን ሳይጎዳ ሰው የሚጠቀምበት ክፍል አለ፤ ከዚያ ውጭ ደግሞ የሚታረስበትና የሚኖርበት። ማር፣ ኮረሪማና የጫካ ቡና በዚያ ሥርዓት ውስጥ ቦታ አላቸው። ይህም “አይሆንም” ብቻ ሳይሆን “እንዲህ ይሁን” የሚል መልስ ነው።

በመካከላችን ያለው ልዩነት

እውነቱን እንናገር ካልን በዚህ ጉዳይ ሁላችንም አንድ ሐሳብ የለንም። በየቡድኑ ስንነጋገር አንዳንድ እናቶች “ጫካው ከተነካ የት እንገባለን?” ይላሉ። ሌሎች እናቶች ደግሞ “ልጄ አሥረኛ ክፍል ጨርሳ ቤት ተቀምጣለች፤ ተክል መጥቶ የቀን ሥራ ብታገኝ ምን ቸገረኝ? ኮረሪማ ልቀሚ ልበላት?” ይላሉ። ይህችኛዋ እናት ከዳተኛ አይደለችም። የዕለት ጉሮሮ ጥያቄ ነው ያነሣችው። ማኅበራችን የሁለቱም እናቶች ቤት ነው።

ስለዚህ የማኅበራችን አቋም “ምንም አይምጣ” አይደለም። አቋማችን ሦስት ነገር ነው። ከመወሰኑ በፊት እንጠየቅ። ስንጠየቅ ሴቶች ለብቻችን የምንናገርበት ጊዜ ይሰጠን፤ አማትና ባል፣ ሊቀ መንበርና ፖሊስ ባለበት ሁሉ ነገር አይወጣንምና። ደግሞም የሚመጣው ሥራ ለልጆቻችን ምን እንደሚሰጥ፣ ከእኛ ምን እንደሚወስድ አስቀድሞ በግልጽ ይነገረን።

ሕጉ ከእኛ ጋር ነው

ይህን ስንጠይቅ ልመና አይደለም። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35 ንዑስ አንቀጽ 6 ላይ፣ ሴቶች በልማት ፖሊሲ ዝግጅትና በፕሮጀክቶች ዕቅድና አፈጻጸም ላይ፣ በተለይም የሴቶችን ጥቅም በሚነኩ ጉዳዮች፣ ሐሳባቸውን እንዲሰጡ የመጠየቅ መብት እንዳላቸው ያስቀምጣል። አንቀጽ 43 ዜጎች አካባቢያቸውን በሚነካ ፕሮጀክት ላይ ሐሳባቸው እንዲጠየቅ መብት ይሰጣል። አንቀጽ 92 የአካባቢ ጉዳይን በሚመለከት የሕዝብን ምክክር ይጠይቃል። የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 አንድ ፕሮጀክት ከመጽደቁ በፊት የሚያስከትለው ጉዳት እንዲጠና፣ ሕዝቡም አስተያየት እንዲሰጥ ያዛል። የደን አዋጅ ቁጥር 1065/2010 ማኅበረሰብ ደን በባለቤትነት ሊይዝ እንደሚችል ያውቃል።

እነዚህን ቁጥሮች ዛሬ በቃላችሁ ያዙ አንላችሁም። ፊደል የቆጠሩ ልጆቻችሁ እንዲጽፉላችሁ በየቡድኑ ጸሐፊ እጅ አስቀምጠናል። ሕግ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ አይሠራም። የግሪንሃም ሴቶች ያሸነፉት ሕጉን ስላወቁ ነው።

ከዚህ ጉባኤ በኋላ

ሥራችንን በቃል ብቻ እንዳንተወው አራት ነገሮችን ለጉባኤው እናቀርባለን።

አንደኛ፣ መዝገብ እንክፈት። እያንዳንዱ ቡድን ከጫካው፣ ከሜዳውና ከምንጩ ምን እንደሚያገኝ፣ ከየትኛው ቦታ፣ በየትኛው ወር፣ ስንት ቤት እንደሚጠቀምበት በደብተር ይጻፍ። ቁጠባችንን በየሳምንቱ እንደምንጽፈው ያህል ይሁን። ነገ አንድ ሰው “ባዶ ነው” ሲል መዝገቡን አውጥተን እናሳያለን። ለእናቶች ክርክር ሳይሆን ማስረጃ ያስፈልጋቸዋል።

ሁለተኛ፣ የቀበሌ ስብሰባ ሲጠራ ከእያንዳንዱ ቡድን ሁለት ሴቶች ይሂዱ። አንዷ ትናገራለች፤ አንዷ ታዳምጣለች። ብቻዋን የሄደች ሴት ዝም ብላ ትመለሳለች። ሁለት ከሆኑ ግን አንዷ ለሌላዋ ድፍረት ትሆናለች። ዝም አይነቅዝም ይባላል። የወል መሬት ግን በዝምታ ይነቅዛል።

ሦስተኛ፣ የማንፈልገውን ብቻ ሳይሆን የምንፈልገውን እንጻፍ። የኮረሪማ ማድረቂያ ቦታ፣ የማር መሰብሰቢያ ቤት፣ ለገበያው ቀን ጥላ ያለው የጉልት መሸጫ፣ ለልጆች መጫወቻ ሜዳ። በአዲስ አበባ ያየነው ዓይነት መገፋፋት እንዳይደርስብን፣ ሻጯም፣ ልጇም፣ በዓል አክባሪውም ቦታ ያለው ዕቅድ እኛው ቀድመን ብናቀርብ ይሻላል።

አራተኛ፣ ለአጋሮቻችን። ለማኅበራችን የሰጣችሁት ነገር ብዙ ነው፤ የቡድኖቻችን ደብተርና የሒሳብ ሥልጠና ያስገኛችሁት ፍሬ በሪፖርቱ ታያላችሁ። በዚህ ጉዳይ የምንጠይቃችሁ ለተቃውሞ የሚሆን ገንዘብ አይደለም። ያን ብንጠይቅ ነገ “የውጭ ሰው አነሣሥቷቸው ነው” ይባልብናል፤ ጥያቄያችንም ጥያቄያችን መሆኑ ይቀራል። የምንጠይቃችሁ የጎልማሶች ትምህርት እንዲቀጥል፣ ሕጉን በቀላል ቋንቋ የሚያስረዳ ሰው በዓመት አንድ ሁለት ጊዜ እንዲመጣልን፣ የምናዘጋጀው መዝገብም በካርታ ላይ እንዲሰፍር እንድታግዙን ነው። እናንተም በየትኛውም ቦታ መሬት የሚነካ ሥራ ስትደግፉ “እዚያ የሚጠቀሙት ሴቶች ተጠይቀዋል ወይ?” ብላችሁ ጠይቁልን። ይህ ጥያቄ ገንዘብ አያስወጣም፤ ግን ከገንዘብ ይበልጥ ይሠራል።

እኅቶቻችን፣ ግሪንሃም ላይ የድሃው የግጦሽ መብት 50 ዓመት ከአጥር ጀርባ ቆይቶ የተገኘው አንድ ሰው ስለጻፈው ነው። የእኛ መብት በእጃችን፣ በእግራችንና በሸክማችን የተጻፈ ነው። በደብተር እንጻፈው። ለጠየቀን ሁሉ እናሳየው። ላልጠየቀንም ቀድመን እናሳየው። ከምሳ በኋላ በሪፖርቱ ላይ ስትወያዩ እነዚህን አራት ሐሳቦችም ተመልክታችሁ፣ የጎደለውን ጨምራችሁ፣ ያልተመቻችሁን አስተካክላችሁ እንድትወስኑባቸው እንጠይቃለን።